ደመ ከልብ

ስለ ጥንቱ አራዳ የወንጀል ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ ለተነሣ ደራሲ ዋናው ችግር ገዳዩን ማግኘት ሳይሆን ከሳሹን ማግኘት ነው። ወጣት ዐቃቤ ሕግ፣ በጠረጴዛ ላይ የተከመረ መዝገብ፣ እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ የተገኘ ሬሳ፤ ይህ ሁሉ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ታሪኩን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገፋ ሲያደርጉት ግን ዋናው ባለታሪክ ከመድረኩ ይጠፋል። በዚያ ዘመን በመንግሥት ስም ቆሞ «ይህ ሰው ነፍስ አጥፍቷል» የሚል ሹም አልነበረምና። ከሳሹ የሟች ወገን ነበር።

ነፍሰ ገዳይ ሲያዝ የሟች ዘመድ በዳኛ ፊት ቆሞ ይሟገታል። ሽማግሌ ገብቶ በደም ዋጋ ሊያስታርቅ ይሞክራል፤ ወገን እምቢ ካለ ነገሩ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል። ሞት ሲፈረድና ንጉሠ ነገሥቱ ሲያጸኑት ገዳዩ ለሟች ዘመዶች ይሰጣል። ክሱም ምሕረቱም በቀሉም የቤተሰብ ነበረ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ የደም ነገር ግን የወገን መሆኑ አልቀረም።

በቃል የሚነገር አንድ ወግ አለ፤ የፈራጁ ስም እንደ ተራኪው ይለዋወጣል። ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ይገድላል። የሟች ወንድም የደም ዋጋ አልቀበልም፣ ደም በደም ካልሆነ ይላል። ዳኛውም «መልካም፤ እርሱ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ አንተም ወጥተህ ውደቅበት» ብለው ፈረዱ። ወጉን ስንሰማ እንስቃለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ዳኛው ወንድምየውን «ይህ ያንተ ሥልጣን አይደለም» ሊሉት አለመቻላቸው ነው። የቀራቸው ብልሃት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወገን የሌለው ሟችስ? አማርኛችን ለዚህ መልስ አለው፤ «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይላል። ደሙን የሚጠይቅለት የለም፣ የውሻ ደም ሆኗል ማለት ነው። አራዳ ደግሞ የባዕዳን አገር ነበረች። ጊዮርጊስ ደጃፍ ከተዘረጋው ገበያ ዙሪያ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወታደር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ሲራራ ነጋዴ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ ተሰብስቧል። የብዙዎቹ ዘመድ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው። «እሪ በከንቱ» የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በሌሊት ተዘርፎ ቢጮህ የሚደርስለት ስለሌለ ነው ይባላል። ብዙው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከቤቱ ይልቅ ስለ ስሞቹ ያሳሰበኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ይህ ስም በራሱ የወንጀል መዝገብ ነውና።

በገጠር ግን ገዳዩ ያልታወቀ ደም መፈለጊያ ነበረው። አውጫጭ ይባላል፤ አፈርሳታም ይሉታል። የአካባቢው ሰው ሁሉ በሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ሥራው የሚመለስ የለም። ምስክሩ በግልጥ እንዳይጠላ ምሥጢሩን ለተመረጡ ሰዎች ያንሾካሹካል፤ እነርሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል። ለሌባ ደግሞ ሌባ ሻይ ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በወገቡ በመቀነት ተይዞ ሲንገዳገድ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ጥፋተኛ ተብሎ ይቀራል። ሌባ ሻይን የሚያመሰግን ዛሬ ያለ አይመስለኝም። አውጫጭን ግን ቀለል አድርጌ አላየውም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት አገር ብርቱ መሣሪያ ነበር። አራዳ ላይ ግን ወፏ የማንን ስም ታውቃለች?

በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1942፣ የዐቃቤ ሕግ አዋጅ ቁጥር 29 ታወጀ። አዋጁን ያነበበ ሰው ስለ ሹመትና ስለ ሥልጣን ደረቅ ነገር ብቻ ያገኝበታል። ለእኔ ግን በከተማው ለሞተ ወገን የለሽ ሁሉ ወንድም የተሾመበት ቀን ነው። ቃሉንም ልብ ይሏል፤ ዐቃቤ ሕግ እንጂ ዐቃቤ ደም አልተባለም።

ይህ ወንድም ግን እንደ ፊልሙ በፒያሳ ጎዳና ዱካ እየተከተለ አይሮጥም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪውን ፖሊስ አደረገው። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ ክስ ይመሠርታል፣ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል፣ ወይም ለማስፈረድ የሚበቃ ማስረጃ ከሌለ አልከስም ይላል። ስለ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ልብ ወለድ ብጽፍ ታላቁን ትዕይንት በዚህ ሦስተኛው ላይ አቆመው ነበር፤ የሟች እናት በሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ «አልከስም» ብሎ የሚፈርም የሃያ አምስት ዓመት ልጅ። ዛፍ ላይ ውጣ የተባለውን ወንድም የተካው እርሱ ነውና።

ከዚያ 1969 እና 1970 መጡ። በቀይ ሽብር ሬሳ ከነጽሑፉ በየመንገዱ ተጣለ። ወላጅ የልጁን አስከሬን ለማግኘት የጥይት ዋጋ እንደተጠየቀ፣ ማልቀስም እንደተከለከለ የተረፉት መስክረዋል። በጥንቱ አራዳ እሪታው ሰሚ አጣ፤ አሁን እሪ ማለቱ ራሱ ወንጀል ሆነ። ገዳዩ መንግሥት ሲሆን በመንግሥት ስም የሚከስ ማን ይሆናል?

መልሱ 15 ዓመት ያህል ቆየ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የከሳሾቹን ሥራ ያቀለለላቸው ራሱ ደርግ ነበር፤ ቢሮክራሲው የገደለውን በወረቀት ይመዘግብ ነበርና። «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል» የሚል ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ግልባጭ። መቃብርም ተቆፈረ፤ በዐፅም ምርመራ የታወቁ አርጀንቲናውያን ባለሙያዎች መጥተው ረዱ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተከፍቶ ፍርዱ የተሰማው በታኅሣሥ 1999 ነው። ዋናው ተከሳሽ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሐራሬ ተቀምጠው በሌሉበት ተፈረደባቸው። በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ የሞት ቅጣት ተወሰነ፤ በ2003 ለታሰሩት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው።

ችሎቱ ዘገየ፣ አሸናፊው በተሸናፊው ላይ የፈረደበት ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። እኔ ግን ያንን አሥራ ሁለት ዓመት ሳስብ የሚታየኝ የክስ ወረቀቱ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ከነአባት ስማቸው፣ የተጻፉት የሟቾች ስሞች።