ከአስፋልት ሲወጡ የሚዞር ሞዞ

አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ቆሞ ካያችሁ ወደ ፊት ጎማው መሃል ጠጋ በሉ። በእጅ የሚዞር ክብ ነገር ታገኛላችሁ፤ በአንድ በኩል «ሎክ»፣ በሌላው «ፍሪ» ይላል። ፍሪ ዊል እንበለው።

የተፈለሰፈው ለገደል መንገድ ይመስላችኋል? ለደህና መንገድ ነው! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ጂፖች አሜሪካ ውስጥ ለሲቪል ሲሸጡ፣ የፊት ዲፈረንሻላቸው ሥራ ባይኖረውም ከጎማው ጋር እየዞረ ነዳጅ ያባክን፣ ጥርሱንም ይበላ ነበር። አርተር ዋርን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያትል ላይ ድርጅት አቋቁሞ ጎማውን ከዘንጉ የሚነጥል ሞዞ መሸጥ ጀመረ። «ፍሪ» ሲሆን ጎማው በኩሺኔታው ላይ ለብቻው ይሽከረከራል፤ ዘንጉ ዝም ይላል።

አሁን መርሳን አስቡ። ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው የሰሜን መንገድ ላይ ናት። (ግራሶ፣ ቡሎን፣ ኩሺኔታ የሚሉት ቃላትም የጣሊያንኛ ናቸው፤ መካኒኮቻችን ዛሬም አልተዋቸውም።) ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሐብሩ ገጠር የሚዘልቅ ሾፌር ግን አሸዋና ድንጋይ የሞላው የወንዝ አልጋ ይጠብቀዋል። ወርዶ ሁለቱንም ሞዞ ወደ «ሎክ» ማዞር አለበት። አንዱን ብቻ ከቆለፈ፣ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ከጎማ ወደተነጠለው ዘንግ ይለቀዋል፤ ዘንጉ በባዶ ይሽከረከራል፣ የፊት ጎማዎች አይስቡም። መርሳ ላይ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደራሽ ውሃ ደግሞ መኪናው እስኪወጣ አይጠብቅም።

ታዲያ ሞዞው ለምን እምቢ ይላል? ብዙ ጊዜ በግራሶ ብዛት ነው። ውስጡ ያለውን ተንሸራታች ጥርስ የሚገፋው ትንሽ ስፕሪንግ ነው። አቧራና ውሃ የገባበት ወፍራም ግራሶ እንደ ጭቃ ይይዘዋል። ስለዚህ ሲፈታ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥርሱ ስስ ቅባት ብቻ ይቀባል፤ ጠግቦ ግራሶ የሚፈልገው ኩሺኔታው ነው። ክዳኑ ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ የወንዝ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ዓመቱን ሙሉ «ፍሪ» ላይ መተውም ጥሩ አይደለም። የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ጥርሱን የሚያዳርሰው ሲዞር ብቻ ነውና፣ በወር አንዴ ሁለቱንም ቆልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ያስፈልጋል። በአስፋልት ግን የፊቱም የኋላውም ጎማ እየሳበ አይሁን፤ መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ርቀት ስለማይሄዱ ዘንጎቹ ይወጣጠራሉ። ኮረኮንች ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ውጥረቱን ይለቀዋል፤ ኮረኮንች ደግሞ ሐብሩ ውስጥ አይቸግርም።