የልደታ ሜዳ ተማሪዎች

«ኦልድ ኤርፖርት! ኦልድ ኤርፖርት!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት ዕድሜው ከሃያ ብዙም አይዘልም። አውሮፕላኑ የት እንደሚያርፍ ብትጠይቁት ወደ ቦሌ ነው የሚጠቁማችሁ። አይፈረድበትም። ቦይንግ 720 ጄት ሲገዛ የድሮው የልደታ ኤርፖርት ማንደርደሪያ አልበቃ ስላለ፣ አየር መንገዳችን በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ቦሌ ተሻግሯል። ልደታ ለጦር ሠራዊቱ ትንንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ቀረ፤ ውሎ አድሮም ከተማው ዋጠው።

እኔ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ግን ከመንገደኞቹ በፊት የነበረውን ልደታ ነው። የተሸነፈ ሠራዊት ምን እንደመታው አስቦ፣ ከአንድ ጀምሮ መቁጠር የጀመረው በዚያ ሜዳ ላይ ነውና።

በዓድዋ ጊዜ በመሣሪያ ወደ ኋላ አልቀረንም ነበር። እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ሆስፒታል በስማቸው የሚጠራው ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መድፈኛ ነበሩ። በመቀሌው ከበባ የኛ ሆችኪስ ፈጣን መድፎች ከጣሊያን የተራራ መድፎች አርቀው ይመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አርባ ዓመታት ውጊያው ወደ ሰማይ ወጣ። እኛም አልተኛንም፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ገባ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም ብዙ ሳይቆዩ ማብረር ተማሩ። ግን ዘግይተናል። ጣሊያን ሲመጣ የነበሩን አውሮፕላኖች ጥቂት፣ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው፣ መልእክትና ቁስለኛ ለማመላለስ የሚውሉ ነበሩ።

የኛ ወታደር ቶሎ መማር አያውቅም የሚል ሰው ካለ ተከዜን ያስታውስ። የልዑል ራስ እምሩ ጦር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከአውሮፕላን ቦምብ መዳኛውን አውቆ ነበር፤ ድምፁ ሲሰማ ይበተናል፣ ጉዞውን በሌሊት ያደርጋል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለዳ ግን የወረደው ሌላ ነገር ሆነ። ራስ እምሩ በኋላ እንደተረኩት፣ በርሜል መሳይ ነገሮች መሬት ሲነኩ ሳይፈነዱ ተሰነጠቁና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ። እጁን፣ እግሩን፣ ፊቱን የነካው ሰው ቆዳው እየተላጠ ይጮህ ጀመር። ጥማቱን ሊያስታግስ ወንዙ ላይ የተደፋውም እዚያው ቀረ። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ባዶ እግሩን የዘመተ ገበሬ ከዚያ የሚሸሸግበት ምን ብልሃት አለው? መበተን አያድነውም፤ ሌሊቱም አይሸፍነው።

ያንን ጦርነት ከላይ ሆነው ካዩት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቺካጎ ውስጥ ያለ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም ቢለው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፤ በኋላም ተማሪ ሆኖ ተመረቀ። በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ጣሊያን ዓድዋን በቦምብ ሲደበድብም እዚያው ነበር። መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን በግንባሩና በአዲስ አበባ መካከል ሲመላለስ ከረመ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ አምስት ስድስት የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን የሙያ ጓዶቹን አስከትሎ ልደታ ላይ የአብራሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። አውሮፕላኑ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነበር፤ በ1938 ዓ.ም. ሰልጣኞቹ ወደ 75 ደርሰዋል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉ የሚሸከመው ያንሳል፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም መንደርደር ይፈልጋል፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል። ቆላ ሜዳ ላይ የተማረ አብራሪ ደጋ ሲመጣ እንደገና ይማራል፤ የልደታ ልጅ ግን ፊደሉን የቆጠረው በዚሁ ስስ አየር ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነው፤ በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረልን ሰው። ትምህርት ቤቱ ወደ ቢሾፍቱ ተዛወረ፣ ሳብ 17 አውሮፕላኖች መጡ፣ አየር ኃይሉም መልክ ያዘ። ሁለቱ ሰዎች አልተስማሙም፤ ሮቢንሰን ወጣ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ቮን ሮዘን ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ቢያፍራ ውስጥ መላው ዓለም ያየውን ነገር አደረገ። መለማመጃ በሚያህሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስሮ፣ ዛፍ ለዛፍ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ የናይጄሪያ ጄቶች የቆሙባቸውን ሜዳዎች መታ። ርካሹና ትንሹ መሣሪያ ትልቁን ሊያሸብር እንደሚችል ከድሮኑ ዘመን በፊት አሳየ። እሱም የሞተው እኛው ዘንድ፣ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ነው፤ ለተራበ እህል ሲያደርስ።

በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ተነሣ። አሜሪካ መሣሪያውን አቋርጣለች፣ መለዋወጫው አልቋል፣ የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ 21 ይዟል። በኤፍ-5 የተነሡት የኛ አብራሪዎች ግን ሰማዩን ያዙት። ይህን ድል ለአውሮፕላኑ ብቻ የሚሰጡትን አልቀበልም። ከልደታ ጀምሮ አስተማሪ ተማሪውን፣ ተማሪው ታናሹን እያሰለጠነ የመጣ የሰው ሰንሰለት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር የሚፈቱ መካኒኮች ነበሩ። ከአብራሪዎቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረዋል።

ይህን ሰንሰለት በገዛ እጃችን በጠስነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ አብራሪዎችና ባለሙያዎች ታሠሩ፣ ተባረሩ፣ ተሰደዱ። በሰባተኛው ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ የተበተኑትን ፍለጋ ተጀመረ። ከተነሡት አንዱ ቀድሞም በሻዕቢያ እጅ ምርኮኛ የነበሩት ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ናቸው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተመተው ዳግመኛ ተማረኩ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ስለ ዘመናዊ ሠራዊት ግንባታ በተወራ ቁጥር የሚገዛው መሣሪያ ይዘረዘራል፤ እኔ የሳቸው ስም ይቀድምብኛል።

አሁን ተራው የድሮን ነው። አብራሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ስክሪን ያያል። ስስ አየሩ አያሰጋውም፤ ቢመታም የሚወድቀው እሱ አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት ሚዛን በዚህ መሣሪያ ምን ያህል እንደተናወጠ ሁላችንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የገና ሌሊት ደደቢት ውስጥ፣ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ከድሮን በተወረወረ ቦምብ ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ከሰማይ ስለወረደብን መርዝ ለዓለም አቤት ሲሉ የተናገሩት ስለ ሴቶች፣ ስለ ሕፃናትና ስለ ከብቶች ጭምር ነበር። ዛሬ ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው ሰልጣኝ የመሣሪያውን አሠራር በጥቂት ወራት ይማረዋል። ከጣሪያው ሥር ማን እንደተኛ እስኪያጣራ ድረስ ጣቱን እንዲይዝ የሚያስተምረው መምህር ግን እንደ ልደታው ዘመን ተፈልጎ መምጣት አለበት።