ስማቸውን የጻፉት ሦስቱ፦ የሳማንዳል መጽሔት ታሪክ

እህቶቼ፣ ቤይሩትን የምናውቃት በኩሽናዋና በበረንዳዋ፣ ቢበዛ በእሁድ ገበያዋ ነው። የመጽሐፍ ከተማ መሆኗን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ዛሬ የምጽፍላችሁ እዚህ ከተማ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በራሳቸው አቅም ስላወጡት የሥዕል ታሪክ፣ ኮሚክስ የሚባለውን ማለቴ ነው፣ መጽሔት ነው። ስሙ ሳማንዳል ይባላል። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ብዙ ሰው የጻፈበት መጽሔት ችግር ሲመጣበት የሚከፍለው ማነው?

ሳማንዳል የተመሠረተው በፈረንጆች 2007 ነው። ከተማዋ ከ2006ቱ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ኦማር ኹሪ፣ ሃቴም ኢማም፣ ፋዲ ባኪና ሊና መርሄጅ ይገኙበታል። ያኔ ኮሚክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የልጆች ነገር ነው። እነሱ ግን የአዋቂ ሰው ኑሮ፣ ፍቅርና ጦርነት በሥዕል ይነገር አሉ።

ሳማንዳል በዓረብኛ በውሃም በየብስም የምትኖር፣ እንሽላሊት የምትመስል ፍጥረት ስም ነው። መጽሔቱም እንደዚያው በሥዕልና በቃል መካከል፣ በቋንቋና በቋንቋ መካከል የሚኖር ነበር። በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይጻፍበታል። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበቡ አቅጣጫው ሲቀየር አንባቢው መጽሐፉን እንዲገለብጥ የሚነግር ልዩ ገጽ አስገቡ። እኔ ይሄ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። አንዱ ቋንቋ ለሌላው ቦታውን አልለቀቀም፤ መጽሐፉን የሚያዞረው አንባቢው ነው።

ሥራው በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ነበር። ከሌላ አገር የሚልኩ ሰዓሊዎችም ነበሩ። መጽሔቱ የወጣውም ሰው እያባዛ ለሌላው እንዲያካፍለው በሚፈቅድ የባለቤትነት ፈቃድ ነው። ማለትም ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው።

ችግሩ የመጣው በ2009 መጨረሻ በወጣው 7ኛው ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ ያሉ ሁለት ታሪኮች የሃይማኖት ክብር ነክተዋል ተባለ። አንደኛውን የሠራችው ሊና መርሄጅ ናት። ያደረገችው ነገር ቢኖር ሊባኖሶች ሲናደዱ የሚሉትን እርግማን ቃል በቃል መሳል ነው። እዚህ የኖረች ሁሉ ታክሲ ውስጥ የሰማችው «ይህረቅ ዲነክ»፣ ሃይማኖትህ ይቃጠል የሚለው አባባል አለ አይደል? እሱን ሳለችው። በእኛ አገር «መብረቅ ይምታህ» ያለ ሰው መብረቅ እንዳልጠራ ሁሉም ያውቃል። በወረቀት ላይ ሲሳል ግን እርግማኑ እንደ ድርጊት ተቆጠረ።

በ2010 የመንግሥት ክስ ተመሠረተ። ክሱ የሃይማኖት ጠብ ማነሳሳት፣ ሃይማኖትን ማዋረድ፣ የሐሰት ዜና ማተምና ስም ማጥፋት የሚል ነው። የተከሰሱት ኦማር ኹሪ፣ ሃቴም ኢማምና ፋዲ ባኪ ናቸው። ልብ በሉ፣ ሦስቱም እነዚያን ሁለት ታሪኮች አልሳሉም። አዘጋጅ ሆነው ስማቸውን ስለጻፉ ነው ፍርድ ቤት የቆሙት።

ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ ሚያዝያ 2015 ላይ ሦስቱ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን ሊራ እንዲከፍሉ ተፈረደ። በድምሩ 30 ሚሊዮን ሊራ ነው፤ ያኔ አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ገደማ ስለነበር 20,000 ዶላር ይሆናል። በወር 200 ዶላር ለምታገኝ ልጅ የ100 ወር ደሞዝ ነው፤ አንድም ቀን ሳትበላበት፣ አንድም ብር ወደ ቤት ሳትልክበት ከስምንት ዓመት በላይ መሥራት ማለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚችው ከተማ ሌላ ነገርም ሆኗል። ጥር 2015 የቤት ሠራተኞች ማኅበር ሊያቋቁሙ ተሰብስበው ነበር፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ አልተቀበለውም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ያስወጣል። ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም። እነሱ በአገራቸው ናቸው፣ ጠበቃ አላቸው፣ ኢቃማቸው በሰው እጅ አይደለም። ግን ሕጉ ሥዓሊውን ሊቀጣ ሲፈልግ ፈልጎ ያገኘዋል፤ እኛን ሊጠብቅ ሲባል ግን የለንም።

ሳማንዳል ከፍርዱ በኋላ ባዶ እጁን ቀረ። ለማተሚያ የሚሆነው ገንዘብ በቅጣት አለቀ። ስለዚህ በ2015 መጨረሻ ላይ ታሪኩን በይፋ ተናግረው አንባቢዎቻቸውን እርዱን አሉ። አንባቢዎቹም አዋጡ። መጽሔቱ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ርዕስ ዙሪያ የሚወጣ ወፍራም መድብል ሆኖ ቀጠለ፤ አዘጋጅነቱም በየተራ ሆነ። በ2019 በፈረንሳይ አንጉሌም ከተማ በሚደረገው ትልቅ የኮሚክስ ፌስቲቫል ላይ በራሳቸው ለሚያሳትሙ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እዚህ መጽሔት ላይ ብዙዎቻችን የምንጽፈው ያለ ስም ነው። ማዳም ብታይስ፣ ኮንትራቴን ብታፈርስስ ብለን ነው፤ ትክክልም ነን። ግን እኛ ስማችንን በሸሸግን ቁጥር የሌላዋ ስም ይበልጥ ይታያል። በሽፋኑ ጀርባ ስማቸው የተጻፈው እህቶች የእኛን ግጥምና የእኛን ምሬት በራሳቸው ስም ተሸክመዋል ማለት ነው። አንድ ነገር ቢመጣ የሚጠሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ አዘጋጅነቱ እንደ ሳማንዳል በየተራ ይሁን፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይደር። ሁለተኛ፣ አገራችን ውስጥ ሰው ሲሞት የምንደርስበት እድር አለን። ለዚህ መጽሔትም እድር እናቋቁም። በእሁዱ ስብሰባ ከእያንዳንዳችን ጥቂት ዶላር ቢዋጣ ጠበቃ ለማናገር፣ ሥራዋን ላጣች አዘጋጅም የአንድ ወር የቤት ኪራይ ለመክፈል ይደርሳል። የሳማንዳል ልጆች አንባቢዎቻቸውን የጠሩት ቅጣቱ ከተፈረደ በኋላ ነው። እኛ ምንም ሳይመጣ፣ ከሚቀጥለው እሁድ እንጀምር።