ጾምና ስንቅ በባሕር መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ክፍል ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ይህ ሰፈር ዛሬ ስሙ የሚነሣው በሸማኔዎቹና በአገር ልብስ ገበያው ነው። ጋቢና ነጠላ፣ ጥበብ ቀሚስና ኩታ የሚሻ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ ባሕር ማዶ የሚሻገር መንገደኛም ለወዳጅ ለዘመድ የሚወስደውን ስጦታ ከዚያ ይሸምታል። በዚያው በእንጦጦ መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲ ስላለ፣ የመግቢያ ፈቃድ ሊጠይቅ የሚሄደውም ሰው ወደዚያው ነው የሚያቀናው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳን የመንገደኞች መሰናበቻ ብንለው ከእውነት አንርቅም። ስሙ ግን የሚያሳስበን ልብስን ሳይሆን ምግብን ነው። ሽሮ ደግሞ ከምግብ ሁሉ ይልቅ የጾመኛና የመንገደኛ ወዳጅ ነው። እኛም ከዚህ ስም ተነሥተን፣ ኢትዮጵያዊ ሰው በመርከብ ተሳፍሮ ከአገሩ በራቀ ጊዜ የምግቡን ሥርዓት እንዴት አድርጎ ጠበቀ የሚለውን ነገር በታሪክ መንገድ ልንመለከተው አሰብን።

አባቶቻችን «እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ እንግዳ ሰው የሰው አገር ልማድ ሊያከብር ይገባዋልና። ነገር ግን በምግብ ነገር ይህ ምሳሌ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ልብስ ቢለወጥ፣ ቋንቋ ቢማሩ ሕሊና አይቆስልም፤ የተከለከለውን መብላት ግን ሕሊናን ያቆስላል፤ ለታመመም ሰው ሥጋን ያቆስላል። ስለዚህ ወንዙ ባሕር በሆነ ጊዜ ጥያቄው እንዴት እንሻገር ብቻ ሳይሆን ምን እየበላን እንሻገር የሚልም ሆነ።

በየብስ መንገድ ሳለ ነገሩ ቀላል ነበር። የጥንቱ መንገደኛ፣ ነጋዴም ሆነ ዘማች፣ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ይሄድ ነበር። ስንቁም በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ፣ ለፍስክ ቀን ደግሞ ቋንጣ ነው። የእነዚህ ሁሉ ጥበብ አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃውን ማስወጣት ነው። እርጥበት የሌለበት ምግብ አይሻግትም፤ ሸክሙም ይቀላል። እንጀራ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ድርቆሽ ሲሆን ግን ወራት ይቆያል። በሶ እሳት አይሻም፤ ውኃ ካለ በቅል በጥብጦ መጠጣት ነው። ሽሮም ሦስት ድንጋይ ላይ ከጣዱት ለብዙ ሰው ይደርሳል። የአገራችን ባልትና ሴቶች ይህን ጥበብ ያለ መጽሐፍ ለዘመናት ጠብቀው ባያስተላልፉት ኖሮ፣ ዘማቹም ነጋዴውም ሩቅ ባልተጓዘ ነበር።

ባሕር ግን ሌላ ዓለም ነው። በቀይ ባሕር ላይ በሚመላለሰው ሳምቡክ ውስጥ መንገደኛው በአሸዋ ሣጥን ላይ በምትነደው ትንሽ እሳት የራሱን ስንቅ ሊያበስል ይችል ነበር። በእንፋሎት መርከብ ላይ ግን እሳቱ የመርከቡ፣ ማንካውም የመርከቡ ወጥ ቤት ሆነ። ከስዊዝ ቦይ መከፈት በኋላ፣ ማለት ከ1862 ዓ.ም. ወዲህ፣ ትልልቅ የአውሮፓ መርከቦች በደጃችን ያልፉ ጀመር። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ከእንጦጦ ሥር የተነሣ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱን በባዕድ ማእድ ፊት ተቀምጦ ያገኘው ጀመር።

በዚያ ማእድ ፊት ኢትዮጵያዊውን ክርስቲያን ሦስት ነገሮች ያስጨንቁት ነበር። መጀመሪያው ጾም ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 16 ቀን፣ እንዲሁም የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የነነዌና የገሃድ ጾም፣ በዚህም ላይ ረቡዕና ዓርብ አሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላልም አይበላም። ሁለተኛው የእርድ ነገር ነው፤ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያልታረደውን ሥጋ አይበላምና። ሦስተኛው በሕገ ኦሪት የተከለከለው፣ በተለይም የዓሣማ ሥጋ ነው። እስላም ወንድማችንም የእርዱና የዓሣማው ጭንቀት እንደዚሁ ነበረበት።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው፣ ችግሩ ከሥጋው ይልቅ በማይታየው ነገር ይከፋ እንደ ነበረ ነው። ሥጋ በሳሕን ላይ ይታያል፤ እምቢ ማለት ይቻላል። በዳቦው ውስጥ የገባው ወተትና ዕንቁላል፣ በአትክልቱ ላይ የቀለጠው ቅቤ፣ የሾርባው የአጥንት መረቅ ግን አይታይም። የላቲኖች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ዓርብ ዓርብ ከሥጋ ስለሚርቁ፣ በፈረንሳይና በኢጣልያ መርከቦች በዚያ ቀን ዓሣ ይቀርብ ነበር፤ ወጥ ቤቱም «ይህ የጾም ነው» ቢል አልዋሸም፤ በእርሱ ጾም ቅቤና ዕንቁላል አልተከለከሉምና። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጾም የሚለውን አንድ ቃል እየተናገሩ ሳይግባቡ ይቀሩ ነበር። የሰዓቱም ነገር አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው፣ የምሳው ደወል በስድስትና በሰባት ሰዓት ተደውሎ ማእዱ ከተነሣ በኋላ የሚበላው አያገኝም።

ይህን መከራ ከሁሉ አስቀድሞ የቀመሱት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት መነኮሳትና ምእመናን ናቸው። ከምጽዋ ወይም ከሱዋኪን ተነሥተው ወደ ግብጽ የሚሻገሩት እነዚህ ሰዎች የሹም ደብዳቤ አልያዙም፤ ወጥ ቤት አላስከተሉም። ያላቸው በአቆማዳ የቋጠሩት በሶና ቆሎ ነው። ለእነርሱ ስንቁ ካለቀ ጾሙ በረኃብ ይለወጣል እንጂ አይፈርስም። በኢየሩሳሌም ያለውን ገዳማችንን በዘመናት ሁሉ ሰው አልባ እንዳይሆን ያደረጉት እንዲህ ያሉ ባለ አቆማዳዎች መሆናቸውን ልንዘነጋው አይገባም።

የመንግሥት መልእክተኞች ጉዞ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ራስ መኰንን ለእንግሊዝ ንጉሥ ለኤድዋርድ 7ኛ የንግሥ በዓል በ1894 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተልከው ነበር። በዓሉ በመጀመሪያ የተቀጠረው ለሰኔ 19 ቀን ነበር፤ ንጉሡ ስለ ታመሙ ግን ተላልፎ ነሐሴ 3 ቀን ተፈጸመ። ባሕረ ሐሳባችንን ብንመለከት የመጀመሪያው ቀጠሮ በሐዋርያት ጾም፣ ሁለተኛው በፍልሰታ በሦስተኛው ቀን የዋለ ሆኖ እናገኘዋለን። እንግሊዞች ቀኑን ሲለውጡ ለኢትዮጵያዊው መልእክተኛ ጾም በጾም እንደ ለወጡለት አላወቁም። የመልእክተኛ ችግሩም ይህ ነው፤ የጋበዘውን ንጉሥ ማእድ ቢገፋ አገሩን ያስነቅፋል፤ ቢበላ ሕጉን ያፈርሳል።

ከዚያ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን፣ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን፣ እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ያሉ ሊቃውንትን አስከትለው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ከአዲስ አበባ የተነሡት ሚያዝያ 8 ቀን ነው፤ ቀኑም ረቡዕ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን ስለ ዋለ፣ ከጅቡቲ ወደ ስዊዝ በመርከብ ያለፉበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጥብቅ ከሆነው ከመጨረሻው ክፍል ጋር የተገናኘ ነው። የጉዞው መጀመሪያ ወደ ግብጽና ወደ ኢየሩሳሌም መሆኑም ጾሙንና ጉዞውን አስማምቶ አስኬደው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወደ ሐይፋ በተሻገሩ ጊዜ ግን ወራቱ በዓለ ሃምሳ ነበር። በዚህ ወራት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የሰው ልብ ግን በኅዘን ተጾሞ ነበር።

ታላላቆቹ መኳንንት አሽከርና ወጥ ቤት ነበራቸው፤ ተራው ወታደርስ? በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ ወር ከጅቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ዘመተ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የ1943 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ቀን ነው። እንግዲህ እነዚያ የክብር ዘበኛ ልጆች ሰሙነ ሕማማትን በመርከብ ላይ አሳልፈው፣ የትንሣኤን በዓልም መሬት በማይታይበት ባሕር መካከል ተቀበሉ ማለት ነው። የአሜሪካ ወታደር የዘወትር ስንቅ ደግሞ የዓሣማ ሥጋ የሚበዛበት ነው። ከቤት ዶሮ ወጥ የለመደ ወጣት በዚያ ቀን ምን እንዳሰበ ልብ ያለው ሁሉ ሊገምተው ይችላል። በጦር ሜዳ የታየው ጀግንነታቸው በሰፊው ተነግሯል፤ በመርከቡ ማእድ ፊት የነበረው ዝምተኛ ትዕግሥታቸው ግን እምብዛም አልተነገረም።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የባሕር ምግብ ነገር የሕይወትና የሞት ነገር መሆኑን የአውሮፓ መርከበኞች በብዙ ሬሳ ተምረውታል። በ1739 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም በድድ መድማት በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጣቸው፣ ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ሆኑ። አይሁድ ደግሞ ወደ አሜሪካ በብዛት በተሰደዱ ጊዜ፣ የመርከብ ኩባንያዎች ለእነርሱ ሕግ የተስማማ ልዩ ወጥ ቤትና ልዩ ሳሕን እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. የሰጠመው ታይታኒክ እንኳ እንዲህ ያለ ወጥ ቤትና ምልክት የተደረገበት ሳሕን ነበረው። ኩባንያዎቹ ይህን ያደረጉት ስለ ሃይማኖት ፍቅር ሳይሆን፣ ተሳፋሪዎቹ ብዙ ስለ ነበሩና ፍላጎታቸውን ግልጽ አድርገው ስለ ጠየቁ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ያልተጠየቀ ወጥ ቤት እንደማያውቅ፣ የተጠየቀ ወጥ ቤት ግን እንደሚያዘጋጅ ነው።

የሃይማኖት ሕግም ቢሆን ጨካኝ አይደለም። ቁርኣን ታማሚና መንገደኛ የረመዳንን ጾም ትተው በሌላ ቀን እንዲከፍሉት ይፈቅዳል። የእኛም ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመውን ሰው ከግዴታው ይለየዋል። ስለዚህ ሰው በሕመሙ ምክንያት የሚበላውን ቢለይ፣ ሥርዓቱን እንደ ናቀ አድርገን ልናየው አይገባም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ሰው ለሽርሽር ብቻ በታላላቅ መርከብ ይሳፈራል፤ ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ አባቶችና እናቶችም እንዲህ ላለው ጉዞ ይጋበዛሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ጾመኞች ብቻ ሳይሆኑ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኞች ናቸው። ስንዴ የማይስማማውም አለ፤ ይህ ሰው በአገሩ የጤፍ እንጀራ ሲበላ ያልታወቀው በሽታ በባዕድ ዳቦ ሊገለጥበት ይችላል፤ ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን የለውምና። ለእነዚህ ሁሉ የታሪኩ ትምህርት አንድ ነው። የመርከብ ኩባንያዎች የልዩ ምግብ ጥያቄን የሚቀበሉት ጉዞው ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው፤ በዋዜማው ወይም በማእዱ ላይ ቢነግሯቸው አይበጅም። ሲነግሯቸውም «ጾመኛ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ያን የላቲኖች ዓርብ እናስታውስ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላል፣ የአጥንት መረቅ እያሉ አንድ በአንድ መዘርዘርና ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ መስጠት ይገባል፤ የመርከቡ ወጥ ቤት ባሕረ ሐሳብ አያውቅምና። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን ከእጁ አይለይ፤ መድኃኒቱንና የምግቡን ሰዓት አስማምቶ ይጠብቅ። ቋንጣና ቅቤ በብዙ አገር ወደብ ስለሚከለከሉ፣ ከመጫን በፊት መጠየቅ ያሻል።

አገራችንም በዚህ ረገድ የተጓዘችው መንገድ ቀላል አይደለም። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ፤ ዛሬ በጾም ወራት ለተሳፋሪው የጾም ምግብ ያቀርባል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅታችንም የአገር ልጅ በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ባሕር የሚቀዝፍበትን ዘመን ከፈተ። ማንካውን የያዘው እጅ ቋንቋችንን ሲያውቅ ከጭንቀቱ ግማሹ ይቃለላል።

እንግዲህ ከባለ አቆማዳው መነኩሴ እስከ ዛሬው ተጓዥ ያለውን ስናስተያይ፣ ሥርዓቱን የጠበቀው በልቡ ጽናት ብቻ ሳይሆን ስንቁን አስቀድሞ በማሰናዳቱ መሆኑን እንረዳለን። ሕግ በልብ ይጸናል፤ በስንቅ ይጠበቃል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፣ ልጆችም ለሚጓዙ ወላጆቻቸው ቢነግሩ፣ በባዕድ ማእድ ፊት አፍሮና ተርቦ የሚነሣ፣ ወይም ሳያውቅ በልቶ የሚታመም ወገን አይኖረንም።