ተሻጋሪ ብክለት
ከጥሬ ዶሮው ወደ አይቡ

የበዓል ዋዜማ ነው። 12ቱ የዶሮ ብልቶች በሎሚና በጨው ታሽተው፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ይታጠባሉ። ከዚያ ድስት ይገባሉ፤ ቁሌቱ ውስጥ ተንተክትከው ይበስላሉ። በደንብ የበሰለ ዶሮ አያሰጋኝም። የሚያስጨንቀኝ እሳት የማያገኘው ነው፦ በዚያው መክተፊያ ላይ የሚከተፈው ቲማቲምና ቃሪያ፣ በዚያው እጅ የሚፈረፈረው አይብ።

ጀርም ከጥሬው ሥጋ ተነሥቶ ወደነዚህ ሲያልፍ የምግብ ባለሙያዎች «ክሮስ ኮንታሚኔሽን» ይሉታል። በአማርኛ ምን እንበለው? «መስቀለኛ ጥያቄ»ን ስለለመድን «መስቀለኛ ብክለት» ማለት ይቃጣናል። መስቀለኛ ግን ቅርጽን እንጂ ጉዞን አያሳይም። «መበካከል» ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም እርስ በርስ መጎዳዳትን ያሰማል፤ ቲማቲሙ ዶሮውን ምን አደረገው? እኔ የምመርጠው «ተሻጋሪ ብክለት» የሚለውን ነው። መሻገር መነሻና መድረሻ አለው፤ መሻገሪያም ይፈልጋል። መሻገሪያው ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ እጃችን፣ ፎጣው፣ ከቧንቧው ሥር የሚረጨው ውኃ ነው። ቃሉን የሰማ ሰው «በምን ተሻገረ?» ብሎ ከጠየቀ የጥንቃቄውን ግማሽ አገኘ።

ከጥሬ ዶሮ የሚሻገሩት በዋናነት ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር ናቸው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ዶሮዋን ሳያሳምሙ አንጀቷ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ ሥጋው ላይ ይቀራሉ። ካምፓይሎባክተር 42 ዲግሪ ገደማ የሆነው የወፍ ሰውነት ሙቀት ይስማማዋል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አይራባም፤ ግን ብዙ መሆን አያስፈልገውም፤ ከጥሬ ዶሮ የሚንጠባጠብ አንድ ጠብታ ሰው ለማሳመም ሊበቃ ይችላል። ትኩሳቱ፣ ቁርጠቱና አንዳንዴም ደም የቀላቀለው ተቅማጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ በዓሉ ስላለፈ ጥፋቱ በትናንት እራት ላይ ይላከካል፤ የበዓሉን አይብ ማንም አያስታውሰውም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት ሰዎች ወጥ ቤት ገብተው ዶሮና ሰላጣ ሲያዘጋጁ ተከታትሏል። ዶሮውን ካጠቡት 26 በመቶው ባክቴሪያውን ወደ ሰላጣቸው አሻግረዋል። ካላጠቡትስ? 31 በመቶው። እጃቸውን በወጉ ባለመታጠባቸውና ዕቃው በመነካካቱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «ዶሮ አትጠቡ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ መሻገሪያው ብዙ ነውና።

ሎሚና ጨው ጠረኑን ቢያጠፉም በባክቴሪያው ላይ አያስተማምኑም። ቢሆንም ከእናቶቻችን የወረስነውን አስተጣጠብ ተዉ ማለት አይሆንልኝም። ተራው ግን ይቀየር። አይቡና ሰላጣው አስቀድመው ይሰናዱ፤ ተከድነውም ራቅ ብለው ይቀመጡ። ዶሮው ከዚያ በኋላ፣ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ጎድጎድ ባለ ሳፋ ውስጥ፣ ውኃው እንዳይረጭ በቀስታ ይታጠብ። ሳፋው፣ ገንዳውና መክተፊያው መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በውኃ በቀጠነ በረኪና ይጽዱ። የተቀቀለው እንቁላል ተልጦ ጫር ጫር የሚደረገውም ዶሮው በተገነጠለበት ቢላዋ አይሁን።