ከአውድማ ግምት እስከ ሒሳብ መዝገብ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረኃብ ሰዉንና ከብቱን ፈጅቶ ሲያበቃ፣ ወታደሩ በባላገሩ ቤት እያደረ የሚቀለብበት ልማድ የተረፈውን አገር ጨርሶ ባዶ እንዳያስቀረው ታስቦ፣ በ1885 ዓ.ም. ገደማ ከምርት ሁሉ ካሥር አንዱ ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲገባ ታወጀ። አሥራት ከብሉይ ኪዳን የወረደ ሥርዓት ነውና ለምእመናኑ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው አሥራት ሰጪው ራሱ በኅሊናው ፊት ቆጥሮ የሚያቀርበው ሲሆን፣ ይህን የሚቆጥረው ሌላ ሰው፣ ገማቹ ነበር።

ገማቹ ሳይመጣ ነዶው አይወቃም፤ እርሱ በዘገየ ቁጥር አዝመራው ለዝናብና ለምስጥ ተጋልጦ ይሰነብታል፤ በመጣም ጊዜ መስተንግዶው ካማረ ግምቱ ይቀላል፣ ካላማረ ይከብዳል። በቁና ሳይሰፈር በዓይን ብቻ የተወሰነውን ልክ ለመሟገት ገበሬው በእጁ የሚያሳየው አንዳች ጽሑፍ አልነበረውም፤ እኔም የዚያን ሥርዓት ጉድለት የምቈጥረው በዚህ ነው እንጂ፣ ካሥር አንድ በመጠየቁ አይደለም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጋሻው ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተለይቶ ግብሩ በገንዘብ ተወሰነ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 173 ከደመወዝ፣ ከኪራይና ከንግድ በሚገኘው ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካ፣ የጎጃም ገበሬ «ርስታችን ሊለካ ነው» በሚል ሥጋት ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር ከላከ በኋላ የቈየውን ውዝፍ እስከ መማርና አገረ ገዢውን እስከ መሻር ደረሰ።

ገማቹ ግን አውድማውን ለቆ ወደ ሱቅ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴውን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ሲከፍል፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን የሐ ግብር ከፋይ መዝገብ ከመያዝ ግዴታ ነጻ አደረገው፤ ይህም እንደ ምሕረት የታየ ነጻነት በማግሥቱ፣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲነገር፣ ስንቱን ባለሱቅ ባዶ እጁን አቆመው፤ በየከተማውም ሱቆች እስከ መዘጋት ደረሱ። ባለሻዩም ባለጉሊቱም «ይህን ያህል አልሸጥሁም» ይላል፤ ነገር ግን ያልሸጠውን በምን ያስረዳ?

በዚያው አዋጅ የ«ለ» ግብር ከፋይ እንዲይዘው ታዝዞ የነበረው መዝገብ ለብልህ ባለሱቅ የሚከብድ አልነበረም፤ የዕለቱ ሽያጭ፣ የተገዛው ዕቃ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ በየቀኑ ሲጻፉ፣ ደረሰኙም ሲያያዝ፣ ወጪው ከገቢው ይቀነስ፣ ግብሩም በተረፈው ላይ ይሰላ ነበር፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን በእውነት የወጣ ቢሆንም ከሒሳቡ ይሠረዝ ነበር።