ሆታና ጥሩምባ በአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ሜዳ

የሰው ልጅ ሲፎካከር ድምፁን ከወገኖቹ ድምፅ ጋር ማስተባበሩ ጥንታዊ ልማድ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ኮሌጆች ይህ ልማድ ከስፖርት ጋር ተጣምሮ ራሱን የቻለ ሥርዓት ሆኗል። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ጥሩምባና ከበሮ የሚያሰማው የተማሪዎች ባንድ፣ ሆታውን የሚያወርደው መሪና ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቀበለው ሕዝብ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የራትገርስና የፕሪንስተን ተማሪዎች በ1869 የመጀመሪያውን የኮሌጆች እግር ኳስ ግጥሚያ ካደረጉ በኋላ፣ ኮሌጆች የየራሳቸውን መለያ ሆታ ማበጀት ያዙ። በ1886 የካንሳስ ዩኒቨርስቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ቤይሊ ለሳይንስ ክበባቸው ያዘጋጁት ሆታ መልካም ምሳሌ ነው። ከላቦራቶሪ ሰዎች የተገኘው ሆታ ወደ ስፖርት ሜዳ ተሻግሮ የዩኒቨርስቲው ሁሉ ሆነ፤ ቆይቶም የኮረብታውን የኖራ ድንጋይ የሚያነሣ ቃል ገባበትና “ሮክ ቾክ” በሚለው ስሙ እስከ ዛሬ ይሰማል። በኖቬምበር 2 ቀን 1898 ደግሞ ጆኒ ካምቤል የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሆታውን በመምራቱ፣ ዕለቲቱ የድጋፍ መሪነት መነሻ ተደርጋ ትቆጠራለች።

የባንዱ ሥር ግን በወታደር ሰልፍ ላይ ነው። በፐርዱ ዩኒቨርስቲ በ1886 ለተማሪዎች ወታደራዊ ልምምድ የተቋቋመው ባንድ፣ በ1907 በሜዳ ላይ የዩኒቨርስቲውን መነሻ ፊደል ቅርጽ ሠርቶ ታየ። ከእንዲህ ዓይነቱ ታላቅ ማርሽ ባንድ ተመርጦ ለአዳራሽ ጨዋታ የሚወጣው አነስተኛ ቡድን የማበረታቻ ባንድ ነው። ብሔራዊው የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ቁጥሩን በ29 ሙዚቀኞች ወስኖታል። ሥራው ፍጥነትን ይጠይቃል፤ ፊሽካ ሲነፋ መጀመር፣ ኳሱ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ማቆም ግድ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የአንድነት ድምፅ ሁሉን ያቀፈ አልነበረም። የሚሺጋን ዩኒቨርስቲ ማርሽ ባንድ ሴቶችን የተቀበለው በ1972 ነው፤ በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የታየው በሚሲሲፒ ዩኒቨርስቲ ነው። ጥቁሩ ተማሪ ጄምስ ሜርዲት በ1962 ሲመዘገብ በተነሣው ሁከት ሁለት ሰዎች ተገድለዋል። የዩኒቨርስቲው ባንድ ግን የባርነት ሥርዓትን ለማቆየት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች መዝሙር የነበረውን “ዲክሲ” ለብዙ ዘመን በጨዋታ ላይ ሲያሰማ ኖረ። ይህንኑ ዜማ በያዘ ሌላ ቅንብር መጨረሻ ላይ አንዳንድ ተማሪዎች ደቡብ እንደገና ይነሣል የሚል ሆታ ጨመሩበት። እንዲተዉ ቢጠየቁም ባለመተዋቸው፣ በ2009 የዩኒቨርስቲው ኃላፊ ቅንብሩ እንዳይሰማ አደረጉ፤ በ2016ም “ዲክሲ” ከባንዱ የጨዋታ ዜማዎች ወጣ።

አንዳንዶች ይህን የቅርስ መጥፋት አድርገው አዘኑበት። ይሁን እንጂ ከጎናቸው ለተቀመጠው ጥቁር ተማሪ ያ ዜማ የእርሱን ቡድን የሚያበረታታ ሳይሆን የአያቶቹን ባርነት የሚያስታውስ ነበር። የካንሳሱ ሆታ ቃሉ ተለውጦ ኖሯል፤ የሚሺጋን ባንድም በሴቶች መግባት አልፈረሰም። የሆታ ዓላማ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እንዲቀበል ነውና፣ ከሕዝቡ ከፊሉ ሊቀበለው የማይችለውን ዜማ መተው ልማዱን ማፍረስ ሳይሆን ወደ ዓላማው መመለስ ነው።